ከአልዩ አምባ ገበያ እስከ ጅሩ በሬ፤ የንግድ ብልኀት በአገራችን



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የሆንን እኛም አንድ ነገር እንድንጽፍ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ስለ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ተማከርን። ከመካከላችን ስለ ጦርነት እንጻፍ ያለ ነበር፤ ስለ ነገሥታት እንጻፍ ያለም ነበር። ነገር ግን ስለ ጦር ሜዳ የተጻፈው ብዙ ሲሆን ስለ ገበያ የተጻፈው ጥቂት መሆኑን ስላስተዋልን፥ የንግድ ብልኀት በአገራችን እንዴት እንደ ኖረ፥ እንዴትስ ተንቆ እንደ ነበረ፥ ደግሞም በትምህርት ሊገኝ የሚችል መሆኑን ለመጻፍ ቈረጥን።

ይህን አሳብ የመረጥነው እንዲሁ ለጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሆኑ። ይህ ወሬ ሲነገር እኛ በታችኞቹ ክፍሎች ሳለን ሰምተነው ነበር፤ ዛሬ ግን ተራው የእኛ ሆነ። ያለፉት ጥቂቶች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፥ የቀሩት ብዙዎቹ ወዴት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ሰው ከእነዋሪ የአውቶቡስ መነኻሪያ ቢቆም መልሱን በዓይኑ ያየዋል። አንዱ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ሌላው ወደ አዲስ አበባ፥ ሥራ የሚሰጠውን ሰው ፍለጋ ይሳፈራል። ሥራ የሚሰጥ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ሥራ ለማቋቋም ማሰብ እንደሚቻል ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነግሮናል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት።

ከአንኮበር ከተማ በታች፥ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አገር፥ አልዩ አምባ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ሲገዙ፥ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ድረስ፥ ይህች ከተማ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ ከሐረር የተነሣውም በየፊናው መጥቶ የሚሰበሰበው በዚያ ነው። ጨርቅና ብረታ ብረት ይገባል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ ስንናገረውም የሚያሳዝነን ነው እንጂ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከአፋር ምድር የሚቈፈረው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ብርም ከእርሱ ጋር ይሠራበት ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋለው በዚያ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1843 ደግሞ ፈረንሳዮች ተከተሉ። ይህም ሸዋ ከዓለም ተለይታ የተዘጋች አገር እንዳልነበረች ያስረዳል።

ነገር ግን የዚያ ገበያ ነጋዴዎች እነማን ነበሩ ብለን ብንጠይቅ፥ አብዛኞቹ አርጎባዎች፥ አደሬዎችና አፋሮች የሆኑ እስላሞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ወራት በመንገድ የሚቆይ ሸቀጥን በዱቤ መስጠትን፥ የአንዱን ገበያ ዋጋ ከሌላው ጋር ማነጻጸርን፥ ቃላቸውን ጠብቀው መታመንን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖሩ። የደጋው ሰው ግን ክብር የሚገኘው በእርሻ፥ በጦርና በቤተ ክህነት አገልግሎት ብቻ ይመስለው ነበር። ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ»፥ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፥ ሸማኔውንም «ቊጢት በጣሽ» እያለ ይሰድብ ነበር። ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን ሰው እየናቀ በዚያው ማረሻ ያርስ ነበር፤ ሸማ የሚሠራለትን እየሰደበ በዚያው ሸማ ያጌጥ ነበር። ከዚህም የተነሣ የንግድና የእጅ ሥራ ዕውቀት በጥቂት ቤቶች ውስጥ ተወስኖ ቀረ።

ይህን ጕድለት አስተውለው ለማረም ከተነሡት አንዱ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር በፓሪስ አሠሩ። በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሲነገር እንደ ኖረው፥ በዚያን ጊዜ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት እጅግ የሚያሳፍር ነገር ስለ ነበረ ወደ ሆቴሉ የሚገባ ሰው ጠፋ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንቱን ራሳቸው ይዘው ሄደው በሉና ሒሳቡ እንዲከፈል አደረጉ ይባላል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኛን፥ ባለ እጅንና ነጋዴን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በዐዋጅ አስታወቁ። አንድ ንጉሥ ስድብን በዐዋጅ እስኪከለክል ድረስ መድረሱ፥ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል።

ከእኛ መካከል በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን ተማሪዎች በተለይ የምናስታውሰው ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ ይኸውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በአድዋ አውራጃ ተወልዶ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄዶ ዕውቀቱን አስፋፋ። ወደ አገሩም ተመልሶ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነ። በ1911 ዓ.ም. ገና በጕልማሳነቱ ሲሞት፥ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በዚህም መጽሐፍ ያስረዳው ዋና አሳብ በእኛ አነጋገር ቢገለጽ እንዲህ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከምድሩ ያገኘውን ጥሬ ነገር እንዳለ ይሸጣል፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ግን ያንኑ ገዝቶ ሠርቶ መልሶ ይሸጥለታል። ስለዚህ አንዱ ብዙ ቀን የደከመበትን ነገር ለሌላው የጥቂት ሰዓት ድካም ይለውጣል፤ ሁለቱም ነገድን ይላሉ፥ ትርፉ ግን የአንዱ ብቻ ነው።

የዚህን አሳብ እውነተኛነት ከጎረቤታችን ከመንዝ ማየት ይቻላል። የመንዝ ሰው በግ አርብቶ፥ ጠጕሩን ሸልቶ፥ ፈትሎና ሸምኖ ባናና ዝተት፥ በርኖስም ይሠራል። ጠጕሩን ጥሬውን ቢሸጠው የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሠርቶ ሲሸጠው ግን የእጁ ዋጋ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ መቋቋሙ የበግ ጠጕርን ነገር ወደ መኪና ሥራ አሸጋገረው።

በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ወጣ። ይህም ሕግ ነጋዴ ማን እንደ ሆነ ለይቶ ከወሰነ በኋላ፥ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ነጋዴ ሒሳቡን የሚይዘው በልቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ዘመን መጣ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ በ1968 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ አንድ ሰው በኢንዱስትሪ ሊያውል የሚችለው ገንዘብ ከ500,000 ብር፥ በችርቻሮ ንግድ ደግሞ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገበሬውም ከእህሉ የተወሰነውን ድርሻ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቈረጠው ዋጋ ሲያስረክብ ቈየ፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለ። እንግዲህ አጤ ምኒልክ በዐዋጅ ሊያከብሩት የሞከሩት ነጋዴ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ ግን ለአነስተኛ ሥራ ብድር የሚሰጡ ተቋሞች ተነሡ፤ በክልላችን የነበረው የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተካ፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ግን አልቀረም።

እስካሁን የተረክነው ስለ ነገሥታትና ስለ ሕግ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ገዛ መንደራችን እንመለስ።

የጅሩ ሜዳ አፈር ጥቍር ዋልካ መሆኑን የማያውቅ የለም። በክረምት ውሃ ያቍራል፤ እህሉ ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ በሌላ አገር ያለ የዋልካ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ ዘግይቶ ይዘራል። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬ ግን ሌላ ዘዴ አገኘ። መሬቱን ካረሰ በኋላ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሆኖ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብ ይሠራል፤ በመደቡና በመደቡ መካከልም ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። በዚህ ዘዴ ስንዴውንና ምስሩን፥ ባቄላውንም ከውሃ ያድናል። ይህን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ በእነዋሪ የጥናት ቦታ ነበረው። ሊቃውንቱም ይህን የእጅ ሥራ ተመልክተው፥ ሁለት የአገር ማረሻዎችን አያይዘው በጥንድ በሬ የሚሳብ የመደብ ማውጫ መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ ገበሬው «ቢቢኤም» የሚለው እርሱ ነው። የአገራችን ሰው አሳቡን አመጣ፤ የተማረው ሰው ለካ፥ ጻፈ፥ መሣሪያ አደረገው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ዘዴው ከጅሩ ሜዳ አልፎ ባልሄደ ነበር።

ለመሆኑ ሥራ ፈጣሪነትን መማር ይቻላልን? ብዙ ሰው ንግድ የተፈጥሮ ዕድል ነው ይላል። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበረው ዴቪድ ማክሌላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በህንድ አገር ካኪናዳ በምትባል ከተማ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ትምህርት ሰጥቶ ነበር። ከትምህርቱም በኋላ የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ አዲስ ሥራ በማቋቋም በልጠው መገኘታቸውን ጽፏል። የእርሱን አሳብ መሠረት ያደረገውና ኤምፕሬቴክ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና ተጀመረ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው የሥራ ፈጠራ ማዕከል በዚሁ ሥልጠና ሲያስተምር ቈይቷል። ትምህርቱ ዕድልን ከመፈለግ፥ ዐቅዶ ከመሥራትና መጠነኛ ኪሣራን አስቀድሞ ከማስላት የሚጀምር ነው።

እኛም ይህን በክፍል ከተማርን በኋላ አምስት ሆነን አንድ አዲስ ሥራ እንድናቅድ መምህራችን አዘዙን። በጅሩ አገር ተወልዶ ከበሬ ማድለብ ሌላ የሚያስብ ስለማይኖር፥ በአሳቡ ለመስማማት ጊዜ አልፈጀብንም። የጅሩ ሰንጋ በበዓል ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። እኛም በኅዳር አንድ በሬ ገዝተን፥ አራት ወር ቀልበን፥ ለፋሲካ እንሸጣለን ብለን ጻፍን። ለመለማመጃ ያህል የመግዣውን ዋጋ 60,000 ብር፥ የመሸጫውን 90,000 ብር አደረግነው፤ ይህ ልምምድ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ትርፉ 30,000 ብር ነው ብለን ደስ አለን። መምህራችን ግን ወረቀቱን ሳያርሙ መለሱልን። «በመጀመሪያ በሬ አድልቦ የሚያውቅ ሰው አሳዩና ተመለሱ» አሉን።

እኛም በአገሩ በማድለብ ወደ ታወቁ አንድ ሽማግሌ ሄድን። ወረቀቱን ስናነብላቸው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፥

«ልጆቼ፥ የኅዳሩ በሬ አራት ወር ሲሞላው ምን ወር ይሆናል?» አሉን።

«መጋቢት ነው፥ አባባ» አልናቸው።

«በመጋቢት ምን ጾም አለ?»

ሁላችንም አፈርን። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ስንሆን፥ በዕቅዳችን ውስጥ ግን አላስገባነውም ነበር።

«ሥጋ በማይበላበት ወር የደለበ ሰንጋ ይዛችሁ ምን ልታደርጉት ነው? እስከ ፋሲካ ልትቀልቡት ነው» አሉን። «በሬ ከደለበ በኋላ የሚበላው ለእናንተ አይደለም። ፋሲካ የሚውልበትን ቀን አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ አራት ወር ቍጠሩና ያን ጊዜ ግዙ። በታኅሣሥ አውድማው ስለሚወቃ አዲስ ገለባም ይገኛል።»

እኛም በተራችን፥ «አባባ፥ እርስዎስ ለገለባው ስንት ያወጣሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ገለባ ይገዛል እንዴ? ከገዛ አውድማዬ ነው።»

«ለጎረቤት ቢሸጡት ስንት ያወጣ ነበር?»

ጥቂት አሰቡ። «ጠባቂውስ?» አልን። «ልጄ ነው» አሉ። «ልጅዎ ለሰው ቢቀጠር ስንት ያገኝ ነበር?» አልናቸው። ከዚህ በኋላ ቁጭ ብለን አብረን አሰላን። ለመኖ 14,000 ብር፥ ለጠባቂ 8,000 ብር፥ ለመጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ 3,000 ብር ብንይዝ፥ ወጪው 25,000 ብር ሆነ። ሠላሳ ሺህ ብር ያልነው ትርፍ አምስት ሺህ ብር ሆኖ ቀረ። በሬው እንደ መጀመሪያው ዕቅዳችን አንድ ወር በከንቱ ቢቀለብ ደግሞ፥ የወር መኖው 3,500 ብር፥ የጠባቂው 2,000 ብር፥ በድምሩ 5,500 ብር ይሆናል። እንግዲህ ያች አንዲት ወር ትርፉን በሙሉ በልታ አምስት መቶ ብር ዕዳ ታመጣ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው ወረቀቱን እያዩ ብዙ ዝም አሉ። የብዙ ዓመት ድካማቸውን አሳንሰን የተናገርንባቸው መስሎን ፈራን። በመጨረሻ ግን ፈገግ አሉና፥ «እንዲህ ከሆነ ስሸጥ የኖርሁት ገለባዬን ነዋ! ይሁን፤ ገለባ በእግሩ አይሄድም፤ በሬው ግን ገለባዬን ተሸክሞ አዲስ አበባ ይገባልኛል» አሉን።

እኛ ይህን ቃል ስንሰማ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ትዝ አለን። እርሱ በመጽሐፉ ጥሬውን ነገር ሠርቶ መሸጥ ይበልጣል ያለውን፥ እኒህ አባት መጽሐፉን ሳያነቡ በሥራ ሲፈጽሙት ኖረዋል። የጐደላቸው ብልኀት አይደለም፤ ብልኀታቸው ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚነግራቸው መዝገብ ነው። እኛ ደግሞ መዝገብ መያዝ ተምረን ሳለ የሁዳዴን ወር ረሳን። ስንሰናበታቸውም፥ «ያንን ሒሳብ ለእኔም በንጹሕ ወረቀት ጻፉልኝና አምጡልኝ፤ ልጄ ያነብልኛል» አሉን። ጽፈን ወሰድንላቸው።

ከዚህ ሁሉ የተረዳነው ይህ ነው። የንግድ ብልኀት በአገራችን ትናንት የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአልዩ አምባ ገበያ፥ በመንዝ ሸማኔ ቤት፥ በጅሩ ገበሬ በረት ውስጥ ኖሯል። የጐደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ክብር፥ ሁለተኛውም የተጻፈ ሒሳብ ነው። ክብሩን ንጉሥ በዐዋጅ ሊሰጠው ሞከረ፥ ዐዋጅ ብቻውን ግን አላዳረሰውም። ሒሳቡንም ሕግ አዘዘው፥ ነገር ግን ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ሰው ሕጉን ሊፈጽም አይችልም። ሁለቱንም የሚያሟላው ተምሮ ወደ አባቱ ቤት ለመመለስ የማያፍር ልጅ ነው።

ስለዚህ እኛ አምስታችን የፈተናው ውጤት ቢያምርም ባያምርም በመጪው ታኅሣሥ አንድ በሬ በጋራ ለመግዛት ተስማምተናል። ሁለት እንግዛ ያለ ከመካከላችን ነበረ፤ ነገር ግን አንዱ ቢታመምብን የምንከፍለው የሌለን ስለ ሆነ፥ በአንድ እንጀምር ብለን ወሰንን። ዩኒቨርሲቲ የሚገባም ቢኖር ድርሻው በመዝገብ ይያዝለታል።

ከእኛ በኋላ የምትመጡ የታችኛው ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ አባታችሁ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳትጠይቁ ሥራ ፍለጋ አትሳፈሩ። አንድ ደብተር ግዙና በመካከሉ መስመር አስምሩ፤ በአንድ ወገን ወጪውን፥ በሌላው ወገን ገቢውን ጻፉ። ከዚያም ደብተሩን ይዛችሁ ወደ በረቱ ግቡ፤ ገለባውንም ከወጪው ወገን መጻፍ አትርሱ።